ባልዲው ውስጥ ያየሁት ቢጫ ውሃ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ

የፋብሪካ ዝቃጭና አመድ ከሸክላ አፈር ጋር እየተቀላቀለ ጡብ ስለሚሆንበት መንገድ በቅርቡ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዤ። የተደሰትኩት ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሙያ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሳይ ነው። እርሳስ ያነሳሁት ደግሞ አንድ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ነው። ጡቡ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል ተጽፏል። ምን ያህል አፈር ከመቆፈር እንደዳነም ተጽፏል። ውሃ ሲያገኘው ከሆዱ ምን እንደሚወጣ ግን አንድም መስመር የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያች አንድ መስመር ነው።

26 ዓመት ጡብ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን 4 ዓመታት ማድረቂያው ቤት ውስጥ እርጥብ ጡብ እየገለበጥኩ፣ የቀሩትን ደግሞ በጥራት መቆጣጠሪያ ክፍል። ክፍል ይባል እንጂ አንዲት ጠባብ ጓዳ ነበረች፤ ሚዛን፣ ምጣድ የምታክል ማድረቂያ፣ የመጭመቂያ መሣሪያና በመደዳ የተቀመጡ ባልዲዎች። ምድጃውን የሚመሩት አንጋፋ ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በየጠዋቱ ከወጣው ጡብ ሁለት አንስተው እርስ በእርስ ያጋጩና ጆሯቸውን ያቀርባሉ። ጥርት ብሎ ከጮኸ በስሏል፤ ደንቆሮ ድምፅ ካወጣ ወይ አልበሰለም፣ ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል። እኔ በመሣሪያ ግማሽ ቀን ፈጅቼ የማገኘውን እሳቸው በጆሯቸው ያውቁት ነበር። የጡብን ድምፅ መስማት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ድምፁ የማይናገረው ነገር እንዳለ የተማርኩት ግን ከባልዲ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። ተረፈ ምርትን ጡብ ውስጥ መጨመርን እደግፋለሁ፣ በሙሉ ልቤ። አንድ መደበኛ ጡብ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ የሚሠራው ደግሞ ከ1 ትሪሊዮን ይበልጣል። ያ ሁሉ አፈር የሚመጣው ከመሬት ነው፤ በብዙ አገር ደግሞ ከእርሻ ማሳ ላይ ተገፎ። በሌላ በኩል ፋብሪካዎች የሚያስወጡት ዝቃጭና አመድ የትም አይሄድም፤ በግድብ ታጥሮ ወይም እንደ ተራራ ተከምሮ ይቀመጣል፣ አንድ ቀን ደግሞ ይናዳል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ኪንግስተን በሚባል ቦታ፣ የከሰል ማመንጫ የአመድ ግድብ ተደርምሶ ወደ 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ እርጥብ አመድ ወንዝና ቤት አለበሰ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 በሃንጋሪ አይካ አካባቢ ቦክሳይት ከሚባለው ድንጋይ አልሙና የተባለው የአሉሚኒየም ጥሬ ዕቃ ሲወጣ የሚቀረው ቀይ ጭቃ ግድቡን ጥሶ 10 ሰው ገደለ፤ ጭቃው የሚያቃጥል ሶዳ ያዘለ ስለነበር ከነካቸው ሰዎች የብዙዎቹ ቆዳ ተቃጠለ። ከዚያ ክምር ውስጥ አንድ አካፋ አንስቶ በአግባቡ ጡብ የሚያደርግ ሰው ለእኔ የተከበረ ሥራ ሠራ።

አዲስ ነገርም አይደለም። ለንደን በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስትገነባ ከየቤቱ ምድጃ የሚጠረገው የከሰል አመድ ተበጥሮ ለጡብ ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። አመዱ ውስጥ የቀረው ያልተቃጠለ የከሰል ፍርፋሪ ጡቡን ከውስጥ ያበስለው ነበርና ነዳጅ ይቆጥባል። በዚያው አገር በፒተርቦሮ አጠገብ ፍሌተን በሚባል ቦታ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የሚወጣው የሸክላ አፈር ደግሞ በተፈጥሮው የሚነድ ነገር ስላለበት አብዛኛውን ነዳጅ ራሱ ይዞ ነው ወደ ምድጃ የሚገባው። ርካሽ ነበር፣ ብዙ ቤት ተሠራበት። ግን ያው አፈር ድኝ ነበረበት፤ ሲቃጠል የድኝ ጭስ ያወጣል። በዓለም ትልቁ የጡብ ፋብሪካ ይባል የነበረው የስቱዋርትቢው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የተዘጋው የጭሱን ልክ ማሟላት ስላቃተው ነው። ይህን ታሪክ ያነሳሁት አፈሩ በነጻ ያመጣውን ነዳጅ የተቀበለ ሰው አብሮ የመጣውን ድኝም መቀበሉ እንደማይቀርለት ለማሳየት ነው።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ድንጋጌ ከከሰል ማመንጫ በ50 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለ ጡብ ሠሪ ሁሉ ከአፈሩ ጋር ቢያንስ 25 በመቶ አመድ በክብደት እንዲቀላቅል አዘዘች፤ በኋላ ርቀቱ እየሰፋ ሄደ። የዚህ ዓይነት ትእዛዝ ቀና ነው። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ «25 በመቶ ጨምር» የሚል ትእዛዝ አመዱ ከየትኛው ከሰል እንደመጣ አይጠይቅም። ከአንድ ማዕድን የወጣ ከሰል አመድና ከሌላው የወጣው እንደ ወንድማማች እንኳ አይመሳሰሉም።

አሁን ወደ እሳቱ ልግባ፤ ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚያ ነውና። እርጥቡ ጡብ ምድጃ ሲገባ መጀመሪያ የቀረው ውሃ እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ካጣደፉት ይፈነዳል። ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው መካከል ከሸክላው ማዕድን ጋር የተጣበቀው ውሃ ይለቃል፤ ከዚህ በኋላ ጭቃ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በ573 ዲግሪ አሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ድንገት ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝም በዚያው ነጥብ ይኮማተራል፤ ጋሼ ምድጃው ሲቀዘቅዝ እዚያ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቆሙት ለዚህ ነበር። ከ400 እስከ 900 ዲግሪ የሚነደው ሁሉ ይነዳል። ከ750 በላይ እንደ ኖራ ድንጋይና እብነ በረድ ያለው ካርቦኔት ፈርሶ ኖራ ይሆናል። ከ900 አልፎ ወደ 1,000 ሲጠጋ ብቻ ነው አንዳንዱ ነገር ቀልጦ እንደ መስታወት ቅንጣቶቹን የሚያያይዘው። ተረፈ ምርቱ ጡብ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ በእነዚህ ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንደሚነቃ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሰጋቱራን እንውሰድ። 3 ኪሎ የሚመዝን ጡብ ውስጥ 5 በመቶ ደረቅ ሰጋቱራ ቢገባ 150 ግራም ነው። ያ 150 ግራም ወደ 2.4 ሜጋጁል (የሙቀት መለኪያ ነው) ሙቀት ይይዛል። ደህና ምድጃ ለ1 ኪሎ ጡብ 2 ሜጋጁል ገደማ ይፈልጋል እንበል፤ ለጡቡ 6 መሆኑ ነው። በወረቀት ላይ ሲሰላ ሰጋቱራው ከሦስት እጅ አንዱን እጅ አልፏል። በእውነት ግን ያን ያህል አይገኝም፤ ከፊሉ ገና ጡቡ ሳይግል ጭስ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ቢሆንም በምድጃው ነዳጅ ላይ በግልጽ ይታያል። በተጨማሪ ሰጋቱራው የተቃጠለበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ስለሚቀር ጡቡ ይቀላል፣ ሙቀትና ብርድም እንደልብ አያሳልፍም። በአውስትራሊያ አርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ አባስ ሞሃጀራኒ የሚባሉ መሐንዲስና ባልደረቦቻቸው የሲጋራ ቁራጭ እንኳ ጨምረው ሞክረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳወቁት 5 በመቶ የሲጋራ ቁራጭ ያለበት ጡብ የማቃጠያ ኃይሉ እስከ 58 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ጥንካሬው ግን አብሮ ይወርዳል፤ እነሱም ይህን አልደበቁም።

እኛ በጀመርንበት ሰሞን ብዙ ሲጨመር ብዙ የሚገኝ መስሎን 9 በመቶ አስገባን። ጡቡ ከላይ ቀይ፣ ያማረ ሆኖ ወጣ። አንዱን ስንሰብረው ልቡ ከሰል ነበር፤ ጥቁር፣ እንደ በቆሎ እንክብል ያበጠ። ውጪው ቀድሞ ስለተደፈነ ውስጥ ያለው አየር አላገኘም፤ መውጫ ያጣው ጋዝ ደግሞ ጡቡን ነፋው። ጋሼ ከዚያ በኋላ በ700 እና በ850 ዲግሪ መካከል ምድጃውን ለረጅም ሰዓት ያዘገዩት ጀመር፤ አየር በብዛት እየሰጡ። ሰጋቱራውንም ወደ 4 በመቶ አወረድነው፤ በወንፊት የምንነፋው እኔና ማድረቂያ ቤት ያሉ ሁለት ሴቶች ነበርን። የዚያን ጊዜ የሠራነው ጡብ እስከ ዛሬ የምኮራበት ነው።

ሌላው ከእብነ በረድ መቁረጫ የሚመጣው ነጭ ጭቃ ነበር። እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረውም። የሚመጣው ግን ደርቆ፣ በየከረጢቱ ጓል ሠርቶ ነው፤ አንድ ሳምንት ወንፊቱ ተቀዶ ጓሉ ሳይፈጭ አለፈ። ጡቡ ከምድጃ ሲወጣ እንከን አልነበረበትም። ግድግዳ ሆኖ ተለስኖ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ግን ልስኑ ላይ ሳንቲም የሚያክል ጉድጓድ እየፈነቀለ ይወጣ ጀመር፤ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ነጭ ነጥብ። ጓሉ እሳት ውስጥ ጥሬ ኖራ ሆኗል፤ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያብጥ ጡቡን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከ1 ሚሊሜትር በታች አድርጎ መፍጨት፣ ካልሆነም ጡቡ ከምድጃ ሲወጣ ውሃ ውስጥ መንከር። የሚጎዳው ልስንና ስማችን ነበር፤ ለሰው ጤና የሚያሰጋ ነገር የለውም። ቢጫው ውሃ ግን እንዲህ አይደለም።

የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ የመጣልን ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ቆዳ አልፊ ጋር ተነጋግሮ ነው። ቆዳ አልፊው የሚጥልበት አጥቷል፤ እኛ ደግሞ አፈር እየራቀብን ነበር። ለሁለቱም የሚበጅ ስምምነት ይመስል ነበር፣ እኔም ፈርሜበታለሁ። ዝቃጩ ደረቀ፣ ተፈጨ፣ 10 በመቶ ገባ። የመጀመሪያው ቃጠሎ ሲወጣ ጡቡ ከተለመደው ጠቆር ያለ ቢሆንም ሲጋጭ ይጮኻል፤ መጭመቂያው ላይ ሳስቀምጠው ከተራው ጡብ በለጠ። ሥራ አስኪያጁ የጥንካሬውን ወረቀት ከእጄ ወስዶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

የውሃ መጠጣት ፈተናው በማግስቱ ነበር። ደረቅ ጡብ ተመዝኖ ለ24 ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ እንደገና ይመዘናል፤ ልዩነቱ የጠጣው ውሃ ነው። ሁሌም የምሠራው ስለሆነ ባልዲውን አይቼው አላውቅም፣ የማየው ሚዛኑን ነው። ያን ቀን ግን ባልዲው ነጭ ፕላስቲክ ነበር። ጡቡን ሳነሳው ውሃው ቢጫ ሆኗል፤ የሎሚ ልጣጭ ዓይነት ቢጫ፣ ጥርት ያለ፣ ከታች ዝቃጭ የሌለው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ባልዲው ቀለም ለቆ ይሆናል እትዬ» አለኝ። ባልዲ ቀየርኩ። የዝናብ ውሃ አደረግሁ። አምስት ጡብ ከተለያየ የምድጃ ክፍል መርጬ ነከርኩ። በማግስቱ አምስቱም ባልዲ ቢጫ ነበር፤ አየር በደንብ ከሚገባበት ከምድጃው ጫፍ የተነሳው ደግሞ ከሁሉ የደመቀው ሆነ።

ያንን ውሃ ላቦራቶሪ ላክነው፤ የወጣው ክሮሚየም-6 ነው። ለአንባቢዎችዎ በአጭሩ ላስረዳ። ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው፤ እዚያ ያለው ክሮሚየም-3 የሚባለው አረንጓዴ ዓይነት ስለሆነ ውሃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም፣ ጉዳቱም ያነሰ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ግን ጠጉር ለማርገፍ ኖራ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ዝቃጩ ውስጥ ክሮሚየምና ኖራ ጎን ለጎን ተኝተው ይመጣሉ። ይህ ሁለቱን የያዘ ጭቃ አየር በሚገባበት ምድጃ ውስጥ ሲግል ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ወደ ክሮሚየም-6 ይለወጣል፣ ኖራውም ያቅፈውና ክሮሜት የሚባል በውሃ የሚሟሟ ቢጫ ጨው ይሆናል። ክሮሚየም-6 ካንሰር አምጪ መሆኑ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የተረጋገጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክሮሚየም በ1 ሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው፤ ውሃ በክሮሜት ለዓይን ቢጫ ሆኖ ከታየ ከዚህ ልክ እጅግ አልፏል ማለት ነው።

ልብ በሉልኝ፤ ዝቃጩን በጥሬው፣ ሳይቃጠል ብንነክረው ኖሮ ያንን ቢጫ አናይም ነበር። መርዙን የሠራው እሳታችን ነው። በየስብሰባው «እሳት ሁሉን ያነጻል»፣ «ጡቡ መርዙን ቆልፎ ይይዘዋል» ሲባል እሰማለሁ፤ በእናንተ ዘገባ ውስጥም ከዚህ የሚቀራረብ ዓረፍተ ነገር አለ። በአንዳንድ ነገር እውነት ነው። ብዙ ብረቶች በመስታወታማው ክፍል ውስጥ ገብተው ይያዛሉ፤ መዳብና ዚንክ ያለበት ዝቃጭ በደንብ ሲቃጠል ከጥሬው ያነሰ ይለቃል። ክሮሚየም፣ አርሴኒክ፣ ቫናዲየምና ሞሊብዲነም ግን ኦክስጅን ሲያገኙ በውሃ ወደሚሄድ ቅርጽ የመለወጥ ጠባይ አላቸው፤ በመካከለኛ ሙቀት የተቃጠለ፣ ኖራና ሶዳ ያለበት ጡብ ከጥሬው ጭቃ አብልጦ ሊለቃቸው ይችላል። ሌሎቹ ደግሞ ጭራሽ ጡቡ ውስጥ አይቆዩም። ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ይፈላል፣ ካድሚየም በ767፤ ጡብ የሚበስለው በ1,000 አካባቢ ነው። ጡቡን ፈትሾ «ሜርኩሪ የለበትም» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ የጭስ ማውጫውን ወረቀትም አብሮ ይጠየቅ፤ ሜርኩሪው የሄደው በዚያ ነውና።

ውጤቱን ይዤ ቢሮ ስገባ «ጥንካሬው አልፏል፣ ውሃ መጠጣቱም አልፏል፤ ደንቡ የሚጠይቀው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ተባልኩ። ደንቡን በተመለከተ ትክክል ነበር፤ የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ሦስት ቀን ከተከራከርን በኋላ ዝቃጩ ቆመ፣ የቀረው ጡብ ተለይቶ በሸራ ተሸፈነ። ወደ 4,000 የሚጠጋው ግን የጥንካሬው ወረቀት በተለጠፈበት ዕለት ተጭኖ ወጥቷል። እኔ ነበርኩ የመውጫ ወረቀቱን የፈረምኩት። የሄደበትን ቦታ ለመከታተል የሞከርኩት ሙከራ መካከለኛ ነጋዴ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። የማን ግቢ አጥር እንደሆነ፣ ከሥሩ ምን እንደተተከለ፣ የዝናብ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ሳስብ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው።

አንዳንዱ አንባቢ ግድግዳ እኮ ይለሰናል፣ ይቀባል፣ ውሃ የት ያገኘዋል ይል ይሆናል። ግድግዳ ሆኖ እስከቆመ ድረስ ይህ ክርክር ጉልበት አለው። ጡብ ግን ግድግዳ ሆኖ ብቻ አይኖርም። ቤት ይፈርሳል። የፈረሰው ጡብ ይደቅቅና የእግረኛ መንገድ ሥር ይነሰነሳል፣ ጉድጓድ ይሞላበታል፣ አትክልት ቦታ ውስጥ ይገባል። ሙሉ ጡብ የሚነካው ውሃ በስድስት ጎኑ ብቻ ነው፤ የደቀቀው ግን በሺህ ጎን ይጠጣል። ስለዚህ ጥሩ ፈተና የሚባለው ጡቡን ሰባብሮ የሚጀምር ነው። አውሮፓ ውስጥ ከሚሠራባቸው አንዱ ከ4 ሚሊሜትር በታች የደቀቀውን፣ ለ1 ኪሎ 10 ሊትር በሚሆን ልክ፣ ውሃ ውስጥ ለ24 ሰዓት እያገላበጠ ከዚያ ውሃውን ይመረምራል። ኔዘርላንድስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለቻቸው ደንቦች ለአፈርና ለውሃ የሚጋለጥ የግንባታ ዕቃ ከአዲስ ማዕድንም ይሠራ ከተረፈ ምርት፣ ምን ያህል ብረት እንደሚለቅ ተለክቶ ከወሰን በታች እንዲሆን ታስገድዳለች። ይህ ፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ ተረፈ ምርትን ነጥሎ አያዋርድም፣ አያቆላምጥምም።

ብዙ ጊዜ በማስረጃነት የሚቀርበው የአሜሪካኖቹ ፈተና፣ በደካማ አሴቲክ አሲድ ለ18 ሰዓት የሚያንከባልለው፣ የተቀመረው ቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ውስጥ ለሚጣል ነገር ነው። እዚያ የሚበሰብስ ነገር አሲድ ስለሚፈጥር ነው አሲዱ የተመረጠው። ለቤት ግድግዳና ለጓሮ አፈር ያ ጥያቄ አይደለም የሚነሳው። ኖራ የበዛበት ጡብ ያረፈበት ውሃ አሲድ አይሆንም፣ ተቃራኒውን ነው የሚሆነው፤ ክሮሜት ደግሞ እዚያ እንደልቡ ይሄዳል። ፈተናውን አለፈ የሚል ወረቀት ሲመጣ የትኛውን ፈተና ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ቆዳው ዝቃጭ ያለኝን ቁርጥ ያለ አስተያየት ልናገር፤ ጡብ ውስጥ መግባት የለበትም። አየር ያነሰው ምድጃ፣ ኖራ የሌለው ቅልቅል፣ ከፍ ያለ ሙቀት ክሮሚየሙን ሊይዙት እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ በቤተ ሙከራ ምድጃ ውስጥ ይሆናል። እኔ ግን የማውቀው ትልቅ ምድጃ በአንዱ ጫፍ አየር ይተርፈዋል፣ በሌላው ያንሰዋል፤ ሌሊት ተረኛው አንቀላፍቶ እሳቱ ይወርዳል። የአንድ ሰው እንቅልፍ መርዝ የሚያደርገውን ነገር ሕዝብ ቤት ውስጥ አናስገባ። ክሮሚየሙን እዚያው ቆዳ ፋብሪካው ውስጥ፣ ገና ከዝቃጩ ጋር ሳይደባለቅ፣ ከማልፊያው ውሃ ላይ በማግኒዥየም ኦክሳይድ አርግቶ፣ በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ አሟሙቶ እንደገና ለቆዳ መጠቀም የታወቀ አሠራር ነው። ብረቱ ለባለቤቱ ይመለስለታል፣ ጡቡም ንጹሕ ይሆናል።

ሰጋቱራ፣ የወረቀት ፋብሪካ ዝቃጭ፣ የሩዝ ገለባ አመድ፣ የሸንኮራ አገዳ ገለባ አመድ፣ የተፈጨ መስታወት፣ ተለይቶ የታወቀ የከሰል አመድ፤ ለእነዚህ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት። መስታወት በተለይ ብዙ አልተነገረለትም። እንደ ዱቄት ከተፈጨ ውስጡ ያለው ሶዳ ቀድሞ ያቀልጠዋል፣ ስለዚህ ጡቡ ባነሰ ሙቀት ይጠነክራል፤ የተሰበረ የመስኮት መስታወትና ጠርሙስ እኛ ጋ ከሁሉ ነገር ያነሰ ችግር ያመጣ ጭማሪ ነበር። የቴሌቪዥን ቱቦ መስታወት ግን እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ስለሆነ ለብቻው ይለይ።

አንድ ነገር ደግሞ ረስቼ እንዳላልፍ። ዘገባችሁ ውስጥ ያለው ፎቶግራፍ ላይ ደረቅ ዝቃጭ በአካፋ ወደ ማቡኪያው የሚያስገቡት ሠራተኞች አፍና አፍንጫቸው አልተሸፈነም። ጡቡ ለሚገዛው ሰው ምንም ይሁን ምን፣ ዱቄቱን ስምንት ሰዓት የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው። ዝቃጩ እርጥብ ሆኖ ቢገባ አቧራው አይነሳም፤ ጭቃው እንደሆነ ውሃ መጨመሩ አይቀርም። እኔ በሠራሁበት ቦታ ይህን ለማስለወጥ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ማድረቂያ ቤት አብራኝ ትሠራ የነበረችው ጓደኛዬ ግን ሳሏ ከዚያ በፊት ጀምሯት ነበር።

ከፋብሪካዎች የምጠይቀው እንዲህ ነው። ተረፈ ምርት የጨመረ ጡብ ሠሪ ምን እንደጨመረ፣ ከየትኛው ፋብሪካ፣ ስንት በመቶ እንደሆነ ከዕቃው ጋር በሚሄደው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የቃጠሎው ቀንም ይኑርበት። የጫነውን መኪና በሙሉ ባይሆን፣ አዲስ ምንጭ በተቀየረ ቁጥር ከሚወጣው ቃጠሎ የተሰባበረ ጡብ ውሃው ይመርመር፤ ከምድጃው መሐልም ከጫፍም የተወሰደ። ጥሬውን ዝቃጭ መርምሮ «ንጹሕ ነው» ማለት አይበቃም፤ ለምን እንደማይበቃ ከላይ ተናግሬአለሁ። ደንብ አውጪዎች ደግሞ ከጥንካሬና ከውሃ መጠጣት ቀጥሎ ሦስተኛውን ፈተና ይጨምሩልን፤ እኔን የዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ አፌን ያስያዘኝ የዚያ መስመር አለመኖር ነው።

ለእርስዎም ክቡር አዘጋጅ አንድ ልመና አለኝ። ያንን ዘገባ የሠራው ጋዜጠኛ ጥሩ ዓይን አለው፤ የጡቡን ቀለምና የሠራተኛውን እጅ እንዴት እንዳየው አንብቤአለሁ። እባክዎ መልሰው ይላኩት። ከአዲሱ ቃጠሎ ሁለት ጡብ ይለምን፣ አንዱን ይስበረው፣ ሁለት ነጭ ባልዲ ውስጥ የዝናብ ውሃ አድርጎ ለአንድ ሌሊት ይንከራቸው። ውሃው ቢጫ ከሆነ ወዲያው ይጻፈው። ጥርት ብሎ ካደረ ደግሞ ገና አልጨረሰም፤ አርሴኒክና እርሳስ ቀለም የላቸውምና በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ ይውሰደው። የላቦራቶሪው መልስ በጋዜጣዎ ሲወጣ ከማንም ቀድሜ የማነበው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በጡብ ፋብሪካ የቀድሞ ጥራት ተቆጣጣሪ
(ስሜና አድራሻዬ ለአዘጋጁ ተገልጿል)